የእኔ ያልሆነውን አውራ ጣት ስለ መመለስ

ቁጥር፦ የለውም፤ ቤቴ ውስጥ መዝገብ ቤት አልተከፈተም
ቀን፦ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእንኮይ ሜዳ የጤና ምርምር ማዕከል
የሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
የካ

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። የደም ግፊትዎ ልኩን የጠበቀ፣ እንቅልፍዎ የማይቆራረጥ፣ ጉልበትዎም የእንጦጦን ዳገት የሚያስወጣ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ግን አልጽፍልዎትም፤ ከኅዳር ወር ጀምሮ ደሜ በብልቃጥ እየሆነ እናንተ ዘንድ ስለገባ፣ ስለ እኔ ከእኔ ይልቅ እርስዎ እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ሌላውን ሁሉ ነው።

ብዙነሽ ዓምደ ሚካኤል ወልደ ጻድቅ እባላለሁ፤ ሰባ ዓመቴ ነው፤ ጉራራ ተወልጄ ጉራራ ያረጀሁ ሴት ነኝ። የደም ግፊቴን ለማስለካት በየወሩ በሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ እወጣለሁ። እርስዎ በመልክ አያውቁኝም፤ ማዕከልዎ በአረጋውያን የደም ግፊት ላይ በሚያካሂደው ጥናት ግን ተሳታፊ ቁጥር 37 መሆኔን ከሁለት ወር በፊት ስለደረስኩበት፣ ለመተዋወቅ ጊዜው አልረፈደም ብዬ ነው የምጽፈው። ደብዳቤዬን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ ያደረግሁትም ወረቀት እናንተ ጋ ከገባ በኋላ ጣት እንደሚያበቅል ስላየሁ ነው።

ቅሬታዬን ከመዘርዘሬ በፊት ምስጋና ይቅደም። በግንቦት መጀመሪያ ላቀረብኩት አቤቱታ ኮሚቴዎ በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠቱ በአገራችን ቢሮዎች ያልተለመደ ትጋት ነው። መልሱ እንደሚለው ከሆነ፣ ተሳታፊዋ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ በመሆናቸው ጥናቱ በቃል ተብራርቶላቸው፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው አሻራ ፈቃዳቸውን ስለሰጡ፣ የተጓደለ ነገር የለም። ይህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ያለ መነጽር፣ አንዴ በመነጽር፤ ልዩነት አላገኘሁበትም። ደብዳቤውን ያመጣው ጨዋ መልእክተኛም ሊያነብልኝ ጉሮሮውን ከጠረገ በኋላ፣ መቀበሌን በጣቴ እንዳረጋግጥ የማኅተም ቀለም ስለዘረጋልኝ ትሕትናውን አመሰግናለሁ። እስክሪብቶ ስጠይቀው መደንገጡ ግን እስካሁን ያሳዝነኛል።

አንደኛ፤ ስለ ደሜ። በኅዳር ወር ግፊቴን ልለካ ሄጄ ሳለ፣ አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ማዘር፣ ማዘር እያለ አቀማጥሎ ወደ ጓሮው ክፍል አስገባኝና ሦስት ብልቃጥ ደም ቀዳ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ለጤናዎ ነው አለኝ። በጥርም እንዲሁ ሦስት ቀዳ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና ሁለቱንም ጊዜ እየሳቅሁ ክንዴን ሰጥቼ፣ ሁለት ሁለት ሳሙና ይዤ ወጣሁ። ውጤቱን ለመጠየቅ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አንዴ ደሙ ወደ ውጭ አገር ተልኳል፣ አንዴ ገና አልተላከም፣ አንዴ ደግሞ ስለ ደሙ የሚያውቀው ሰው ዕረፍት ላይ ነው ተብያለሁ፤ አራተኛውን ቀን ማንም አላናገረኝም። ደሜ ከእኔ ቀድሞ አውሮፕላን ተሳፍሮ ከሆነ እሰየው ነው፤ የት እንዳረፈ ብጠይቅ ግን ነውር አይመስለኝም።

ሁለተኛ፤ ስለ ጣቱ። በልጅነቴ፣ ዛሬ ፓርክ ሆኖ ሰው ለጤናው በሚሮጥበት እንጦጦ ላይ ጭራሮ ስለቅም የቀኝ አውራ ጣቴን ማጭድ ሰንጥቆታል፤ ጠባሳው ዛሬም ጣቴን መሐል ለመሐል ያቋርጠዋል። በ1968 ዓ.ም. ወንድሜ ዘመንፈስቅዱስ የዕድር መዝገብ ነው ብሎ ይህንኑ ጣቴን ወረቀት ላይ አሳረፈው፤ ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና አመንኩት፤ ወረቀቱ ግን ከአባቴ ቤት ያለኝን ድርሻ በፈቃዴ እንደተውኩ የሚናገር ሆኖ ተገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስሜን እስከ አያቴ የጻፍኩ ዕለት፣ ጣቴን በሎሚ አሽቼ አጠብኩና እንጦጦ ራጉኤል ደጅ ቆሜ ዳግመኛ ቀለም ላላስነካው ቃል ገባሁ። ባለፈው ዓመት ለመታወቂያ መስተዋት ላይ አኑሪው ስባል እንኳ ቀለም እንደሌለበት ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው ያኖርኩት።

ከዚያ ወዲህ የምፈርመው በሙሉ ስሜ ነው፤ ዓምደ ሚካኤልንም ወልደ ጻድቅንም አላሳጥራቸውም። በጤና ጣቢያው የቀጠሮ መዝገብ ላይ ስፈርም ሰልፉ ይቆማል፤ ከኋላዬ የምትሰለፈው ጎረቤቴ ዘሙሩድ ያንቺ ፊርማ እስኪያልቅ የኔ ግፊት በራሱ ይወርዳል እያለች ትቀልድብኛለች። ዘሙሩድ በእርግጥ መጻፍ አትችልም፤ እሷም ግን በጥናቱ ቀን ጣቷን ቀለም እንዳልነካው ትምላለች። እኔ አምናታለሁ፣ ምክንያቱም ቀለም ነክቷት ቢሆን ኖሮ አዲሱን ነጭ ሻርፗን እንዳበላሹባት ለሰፈሩ ሁሉ ታወራ ነበር። የእሷም የፈቃድ ቅጽ ላይ ጣት አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና፣ በጥናቱ የገባን የአርባ አሮጊትና ሽማግሌ ጣት ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል በአንድ ሳምንት እንዴት ተሰብስቦ እንዳለቀ ማሰብ ከጀመርኩ እንቅልፍ የለኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ሲስተር ሀዊ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ስለሆነ፣ እስካሁን ያሉት ቢሰለችዎት እንኳ ይህን እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። ሀዊ ስድስት ዓመት ሙሉ ግፊቴን ስትለካ የኖረች ነርስ ናት፤ በእነዚህ ስድስት ዓመታት ውስጥ እማማ ብዙነሽ ክንድዎን ልያዝ ወይ ሳትል አንድ ቀን ነክታኝ አታውቅም። መጀመሪያ ላይ ምን ያግደረድራታል እል ነበር። እንደናንተ አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ቅጽ አልነበራትም፤ ጠይቃ መልሴን ትጠብቅ ነበር፣ በቃ።

በሚያዝያ ወር ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተብሎ አርባ ቅጽ በአንድ ክምር ፊቷ ቀረበና፣ ስናስረዳቸው ነበርሽ ብለሽ በምስክር ቦታ ፈርሚ ተባለች። አልነበረችም። ቅጾቹን ስታገላብጥ የእኔ ስም ላይ ደረሰች፤ ከስሜ ሥር ልሙጥ፣ ድቡልቡል፣ ጠባሳ የሚባል ያልጎበኘው አውራ ጣት ተቀምጧል። ሰልፍ የሚያስቆመውን ፊርማዬን ስለምታውቅ በእኔም ሆነ በሌሎቹ ላይ አልፈርምም አለች። በማግስቱ ለቀጠሮዬ ስመጣ ቅጹን አውጥታ አሳየችኝ፤ ይቅርታም የጠየቀችኝ እሷ ናት፣ ያላጠፋችው።

ኮሚቴዎም ለሥነ ምግባር ካለው ቅንዓት የተነሳ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጥፋተኛ ማግኘቱን ሰምቼ ተደንቄአለሁ። ሀዊ የጥናት ምስጢር ላልተፈቀደለት ሰው አሳይታለች ተብላ ተከሳለች። ምስጢሩ የማን ነው ብዬ ጸሐፊዎን ብጠይቃቸው የተሳታፊዋ ነው አሉኝ፤ ተሳታፊዋ ማን ናት ብል እርስዎ ነዎት አሉኝ፤ ያልተፈቀደለት ሰውስ ማን ነው ብል ጥቂት አሰቡና እሱም እርስዎ ነዎት አሉኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ዛሬ ካርድ ክፍል ተቀምጣ ካርድ ታድላለች፤ የመጪው ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ጉዳይዋ ይታያል፤ ከፈረዳችሁባት የሙያ ፈቃዷ እስከ መታገድ ይደርሳል ይባላል። ቦታዋን የያዘው ልጅ ግፊቴን በሹራቤ ላይ ይለካል፤ ክንዴን ሳይጠይቅ ይስባል፣ ስልኩን እያየ ይጽፋል፤ የሥነ ምግባር ክስ ግን እስካሁን አልቀረበበትም።

አራተኛ ብዬ የምጨምረው ብዙ ነበር፤ እጄ ደከመ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሀዊ ወደ ቦታዋ ትመለስ። ደሜንም ቢሆን ለሳይንስ ይጥቀም ከተባለ፣ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ እሰጣችሁ ነበር፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ስትጠይቀኝ የኖረችውን ልጅ ከምትቀጡብኝ ሌላ ስድስት ብልቃጥ ብትቀዱኝ ይሻለኝ ነበር።

በመዝገብዎ ማንበብና መጻፍ የማልችል፣ ሁሉም በቃል ተብራርቶልኝ ምንም ያልገባኝ፣ ለማዕከልዎ ዕድገትና ለጣቶቻችሁ ደኅንነት ዘወትር የምጸልይ፣ ታዛዥዎ ቁጥር 37፣

ብዙነሽ ዓምደ ሚካኤል ወልደ ጻድቅ
(በእጄ የፈረምኩት)

ግልባጭ፦
ለሲስተር ሀዊ፣ ካርድ ክፍል
ለወይዘሮ ዘሙሩድ (ጮክ ተብሎ ይነበብላቸው)
ለስድስቱ ብልቃጥ ደሜ፣ ባሉበት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ከጨረስኩ በኋላ ይህም አይበቃም ይሆናል ብዬ ተጠራጠርኩ። ስለዚህ ከዕድር ጸሐፊያችን ቀለም ተውሼ፣ አርባ አምስት ዓመት ቀለም ያልነካውን የቀኝ አውራ ጣቴን ከዚህ ወረቀት ጀርባ አሳርፌዋለሁ። ቃሌን ያፈረስኩት ለሀዊ እንጂ ለእርስዎ አይደለም። መሐሉን የሚያቋርጠው ነጭ መስመር የማጭዱ ነው፤ የቁጥር 37ን ቅጽ አውጥተው አጠገቡ ያኑሩና ያመሳክሩ። መስመሩን ካጡት፣ የቀረው ሥራ ቀላል ነው፤ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው በተባለበት ሳምንት ቅጾቹን የያዙት ጣቶች ብዙ አይደሉም፤ ሐሙስ ዕለት ከሀዊ በፊት እነሱ ይቅረቡ። ቀለሙን እኔ ይዤ እመጣለሁ። የማንንም ጣት ከመያዜ በፊት ግን እጠይቃለሁ፤ ሀዊ አስተምራኛለች።