ዳማው ግራ፣ ሰሌዳው ቀኝ

ጥቅምት 8

ፈረሶቹን አጠጣሁ። የኔው ዳማ ፈረስ እንደ ልማዱ ባልዲውን በአፍንጫው ገለበጠው። ኮርቻዎቹን ጠራረግኩ። ከዚያ ጋጣው በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ሳልንተባተብ አነበብኩት። «ማጨስ ክልክል ነው»። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ሥር ቆሜ ሳጨስ አንድ ሰው አይነግረኝም?

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ አሥራ አንድ ቀኔ። ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። እሺ... ሁለተኛ።

ጥቅምት 10

አለቃ ቢሮው ጠራኝ። ማንበብ ስለቻልኩ ከእንግዲህ ከኋላ ሆኜ ጭነት አልነዳም፤ ፊት ፊት እየሄድኩ እንግዳ እመራለሁ። በአንድ ጉዞ ሊሞክረኝ ነው፣ ግማሹን በፈረስ፣ ግማሹን በእግር፣ እስከ አሮጌው ግንብ። ስመለስ ሪፖርት ጽፌ አስገባለሁ። ካበላሸሁ ተመልሼ ወደ ጅራት።

ለባለቤቴ ነገርኳት። መንገዱን ታውቀዋለህ ወይ ትለኛለች። እኔን! ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ አልኳት።

«ከፍተህ ሂድ» አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ጥቅምት 13

ምን ሆኜ ነው?

እንግዶቹ ሦስት። ሁለት ወንድማማቾችና ጡረታ የወጡ ነርስ። ነርሷ ጉልበታቸው ጭራሽ እምቢ ሳይላቸው ግንቡን ለማየት ነው የመጡት። ጠዋት ኮርቻ ላይ ሳወጣቸው ነገሩኝ።

መንታ መንገዱ ላይ ዳማው ወደ ግራ አለ። ሁልጊዜም ወደ ግራ ነው። ሰሌዳው ግን «ግንብ» ይላል፣ ቀስቱ ወደ ቀኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ታዲያ እስከ ዛሬ በግራ ስንሄድ የምንደርሰው የት ነበር? ግንቡ ጋ እኮ ነው! ግን የተጻፈ ነገር ነው... ለዚህ አይደል ስድስት ወር አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩት? ልጓሙን ወደ ቀኝ ጎተትኩ። አቋራጭ ነው አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሁለት ሰዓት በፈረስ። ከዚያ ዳገት፣ በእግር። ነርሷ ትከሻዬን ይዘው አንድ አንድ እርምጃ። ጫፉ ላይ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ።

«ልጄ፣ ግንቡ ይሄ ነው?»

ግንቡ የተሠራበት ድንጋይ ከዚህ ነው የወጣው፣ ከመሠረቱ ልጀምርላችሁ ብዬ ነው አልኩ። ወንድማማቾቹ ፎቶ አነሱ። እሳቸው ግን የሚያዩት ዓይኔን ነበር።

ወደ ግንቡ የሚሆን ጊዜ አልቀረም፤ ተመለስን። መንታው ላይ ዳማው ቂጡን በሰሌዳው እንጨት ያክ ጀመር። እንጨቱ ሲዞር አየሁ። ቀስቱም አብሮ።

ጥቅምት 14

ሪፖርት። «ግንቡን ጎብኝተን በሰላም ተመለስን» ልል ነበር። በአፌ ቢሆን ይሄኔ ግንቡ ላይ አንድ ፎቅ ጨምሬበታለሁ። በእስክሪብቶ ግን... «ግን» ብዬ «ቡ» ላይ ስደርስ የነርሷ ፊት መጣብኝ። ውሸት በዚህ ዝግታ አይሆንም። ቀደድኩት። ሁለተኛውንም።

በመጨረሻ የሰጠሁት፦ «ፈረሱ ልክ ነበር። እኔ ሰሌዳ አምኜ ጠፋሁ። እንግዶቹ ግንቡን አላዩም። ሴትየዋ ከልብ ፈልገው ነበር።»

ለምን እንዲህ ጻፍክ በሉኝ... ማንን ነው በሉኝ የምለው?

ጥቅምት 15

አለቃ አንብቦ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ። ወንድማማቾቹ ሄደዋል፤ ለነርሷ ግን በነፃ ሌላ ቀን ይሰጣቸው አለ። መሪው ሌላ ሰው። እኔ ጅራት።

ተናደድኩ? እንቅልፍ ግን ጥሩ ወሰደኝ። አልገባኝም።

ጥቅምት 17

ግንቡ ጋ ደረስን። መሪው ከፊት ሆኖ ያስረዳል። ነርሷ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ፣ እኔ ጋ መጡ። ከግድግዳው ጫፍ ያለችውን ትንሽ መስኮት አሳዩኝ።

«ያቺ ለምን ነበረች?»

ንግሥቲቱ ፀጉሯን የምታደርቅባት ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ስንቱን እንግዳ እንደዚያ ብዬዋለሁ።

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔም» አሉ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቀና ብለን አየናት።