በእጄ ሆኖ ሌላ ሰው የሚያስተዋውቅ ካርድ

ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ጉዳዩ፦ «ድርብ ስፌት» የተባለው የንግድ ስም ለአቶ ያዕቆብ ወንድምአገኘሁ እንዳይመዘገብ ተቃውሞ ስለማቅረብ

እኔ አመልካች ሩቲ ገበየሁ በቧንቧ ውሃ ሰፈር የሥራ ልብስ ስፌት ቤት አለኝ። ለፋብሪካ ሠራተኞች፣ ለጥበቃዎች፣ ለሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ቱታና ጋዋን እሰፋለሁ። ንግድ ፈቃዴ በራሴ ስም የወጣና በየዓመቱ የታደሰ ነው። «ድርብ ስፌት» የሚለው ስም የመጣው የኪስ አፍ ሁለት ጊዜ ስለምሰፋ ነው፤ ደንበኞቼ እንዲህ ብለው ጠሩኝ፣ እኔም ያዝኩት። ስሙን ለብቻው አላስመዘገብኩም። ፈቃዱ ይበቃል ብዬ ነበር። ሰሞኑን ስሙ ለአቶ ያዕቆብ ሊመዘገብ መሆኑን፣ ተቃዋሚ ካለም እንዲቀርብ የሚለውን ማስታወቂያ በሰሌዳችሁ ላይ አንብቤ ቀርቤአለሁ።

1. አቶ ያዕቆብ በኮምቦልቻ የኮምፒውተርና የሞባይል ሱቅ አላቸው። የባለቤቴ ሚዜ ነበሩ። የምናመልከው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጽሑፍ አንቱ ማለት ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚህ በታች ግን አልቻልኩም። በቤቴ «ያዕቆብዬ» ሲባል የኖረ ሰው ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ።

2. ዓምና የኮምቦልቻው ባዛር ከመከፈቱ በፊት አንድ የስልክ ካርድ ሠርቶ ሰጠኝ። የባንክ ካርድ ያህላል፤ ጥቁር ነው። ፊቱ ላይ ስሜና «ድርብ ስፌት» ታትሞበታል። ስልክ ጀርባ ላይ ሲያስጠጉት ያለ ምንም ሽቦ ስሜን፣ ፎቶዬን፣ ስልክ ቁጥሬንና የሰፋኋቸውን ልብሶች የያዘ ገጽ ሰውዬው ስልክ ላይ ይከፈታል። «ሩትዬ፣ የወረቀቱ ካርድ ከሱሪ ጋር ይታጠባል። ይሄ ቀጥታ ስልካቸው ውስጥ ነው የሚገባልሽ» አለኝ። ገጹን የከፈተው በራሱ ኢሜይል ነው። የይለፍ ቃሉን አልጠየቅኩትም። አብሬው የምጸልየውን ሰው ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ።

3. የእኔ ስልክ እንዲህ ያለ ካርድ አያነብም። በመጀመሪያው ቀን ገጹን በእሱ ስልክ አይቼዋለሁ። እኔ ነበርኩ። ፎቶው ላይ የልብስ መለኪያው ሜትር አንገቴ ላይ ነበር።

4. ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ለምን እንዳላየሁት መጻፍ አለብኝ፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነውና። የሰው ስልክ ውስጥ አይታይም። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ሙስሊም እህቶች ናቸው። ስልካቸው ሲበራ ሂጃብ ሳያደርጉ ቤታቸው የተነሱት ፎቶ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ካርዱን አስጠጋለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ፣ «ተከፈተ?» እላለሁ። «ተከፈተ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። በባዛሩ እንዲህ አደረግኩ። በፋብሪካዎች በር ላይ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥም።

5. ባለፈው ነሐሴ አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ የሠራተኞቹን ልብስ ሊለውጥ መሆኑን ሰምቼ የግዥ ኃላፊዋ ወ/ሮ ቢልቂስ ዘንድ ሄድኩ። ካርዴን በባዛሩ ጊዜ አስነክቻቸው ነበር። «ውይ ሩቲ፣ ልብሱን አስረከባችሁን እኮ!» አሉኝ። እኔ ምንም አላስረከብኩም አልኳቸው። «ያዕቆብ አለቃሽ አይደል እንዴ? ስንደውል የሚያነሳው እሱ ነው። አንቺን ሠራተኛዬ ናት ነው ያለን።» ካርዴን አውጥቼ ስልካቸው ላይ አስጠጋሁ፤ እንደ ልማዴም ፊቴን አዞርኩ። «ኧረ በአላህ፣ ምን ያዞርሻል? ነይ እይው እንጂ!» አሉኝ።

አየሁ። ልብሶቹ የእኔ ናቸው። ስፌት ቤቱ የእኔ ነው፣ የመስኮቱ መጋረጃ ሳይቀር። ፊቱ የያዕቆብ። ስሙ የያዕቆብ። ቁጥሩ የያዕቆብ። እኔ የትም የለሁም።

ለካ ካርዱ ውስጥ ስሜ ኖሮ አያውቅም። ካርዱ የያዘው የገጹን አድራሻ ብቻ ነው፤ ገጹ ላይ ያለውን የይለፍ ቃሉን የያዘ ሰው በፈለገ ጊዜ ይለውጠዋል። መቼ እንደለወጠው አላውቅም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው። የትኞቹ ሰዎች እኔን አገኙ፣ ከማንኛቸው ጀምሮ እሱን አገኙ። ሁሉንም በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት። ፈገግ እያልኩ።

6. ነገሩን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አቀረብኩ። ያዕቆብ ተጠርቶ መጣ፤ አልካደም። «ካርዱን ማን ነጠቃት? ያው እጇ ላይ ነው። ገጹን የሠራሁት እኔ፣ ስልክ የማነሳው እኔ» አለ። ይቅር ተባባሉ ተባልን። የመዝጊያውን ጸሎት ያደረገው እሱ ነው። ስሜን ጠርቶ ባረከኝ። አሜን አልኩ። ከአፌ ወጣ። ከዚያ ቤት ወጥቶ በሳምንቱ ወደ እናንተ መጥቶ ለስሙ አመለከተ።

ስሙ ለእሱ ከተመዘገበ በልብስ አንገት ላይ የምሰፋው ምልክት ወንጀል ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ ምዝገባው እንዲታገድልኝና ተጣርቶ ስሙ ለእኔ እንዲመዘገብ በትሕትና አመለክታለሁ። ወ/ሮ ቢልቂስ ለመመስከር ፈቃደኛ ናቸው። ካርዱ ከመሠራቱ አስቀድሞ የሰፋሁትን፣ አንገቱ ላይ «ድርብ ስፌት» የሚል ምልክት ያለበትን አንድ አሮጌ ጋዋንም አቅርቤአለሁ። ታጥቧል፤ ፊደሉ ግን ይነበባል።

ካርዱንም አያይዣለሁ። ክቡርነትዎ በስልክዎ ጀርባ ላይ ቢያስጠጉት የጻፍኩት እውነት መሆኑን ያያሉ። ይህን ስጽፍ ግን እጄ ተያዘብኝ፤ ማስረጃዬን ሳቀርብ እርስዎንም ከእሱ ጋር ማስተዋወቄ ነው። ስለሆነም ቁጥሬን በካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። በሚፈልጉኝ ጊዜ እባክዎ በዚያ ይደውሉ። ስልክዎ ላይ በሚከፈተው ቁጥር አይደውሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ሩቲ ገበየሁ
ፊርማ ____________
ቧንቧ ውሃ፣ ደሴ