አንዴ የጠራሁት ስም

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣ ስምዎን በልቤ ይዤ በብዕሬ ለማልደፍረው።

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ያ ቁርጥማት ተወዎት ወይስ ዛሬም ዳገቱን ሲወጡ ያስነክስዎታል? እማማስ ዓይናቸው እንዴት ሆነ? በልጉስ ጣለ? ያቺ ቀይ ላም ወለደች? ከድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ የሰላሌን ብርድ ናፈቅሁ ብል ያምኑኛል? እኔ፣ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። የልጅ ልጅዎ አለምብርሃንም ደህና ናት። ይህን «ደህና ናት» የሚለውን ቃል እንዲህ በቀላሉ የጻፍኩት እንዳይመስልዎት፤ ወራት ሙሉ እጄ አልጽፍም ያለኝ ቃል ነው። ደብዳቤ ያቋረጥኩትም ስለዚህ ነው።

የማዋይዎት ደስታም ጥፋትም አለኝ። ሁለቱም የመጡት በአንድ ቀን፣ በአንድ በር ስለሆነ ለይቼ ልነግርዎት አልቻልኩም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከጥምቀት በኋላ ልጅቷን ሳል ያዛት። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት፤ ድሬዳዋ ውስጥ ምን ብርድ አለና! እያደር ግን ቀኝ ጎኗን በእጇ ይዛ መሄድ ጀመረች፤ ስትስቅ ያማታል፣ ስታለቅስም ያማታል፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ተወች። ሰባት ዓመት ሊሞላት የቀረበ ልጅ ሳትስቅም ሳታለቅስም ስትውል ማየት ምን እንደሚመስል እርስዎ ልጅ ያሳደጉ ሰው ነዎት፣ አልነግርዎትም። ጠበል አመላለስኳት። ጎረቤቴ ዚነት ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ አላሰቻት፣ በራሷ ጸሎትም ጸለየችላት። የግሉን ሐኪም ደጅ ደግሞ እንደ እኔ ያለች የፋብሪካ ሠራተኛ አትረግጠውም። በመጋቢት ላይ ልጅቷ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ እስከ ቤታችን ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አልጨርስ አለች።

የጥጥ ፋብሪካችን በር ጠባቂ ሰማታር የሚባል ሱማሌ ነው። ልጅዎ ካሣ በዘመተበት በኮሪያ ዘምቶ አንድ እግሩን እዚያው ትቶ የመጣ ሰው ነው። በእንጨት እግሩ ቋ ቋ እያለ ሲመጣ እኛ ፈታዮቹ ከመፍተያው መኪና ጩኸት በላይ እንሰማዋለን። ዓይኔ አብጦ ቢያየኝ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ካሣ የሞተ ጊዜ ወረቀት አልመጣልሽም ወይ አለኝ። መጥቶልኛል፣ በሣጥን አስቀምጬዋለሁ፣ የሐዘን ወረቀት ነው አልኩት። «አቦ፣ እስከ ታች አንብበሽዋል?» አለኝ።

አባቴ፣ እስከ ታች አላነበብኩትም ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅዎ ከኮሪያ የላካቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ሰው ሲያነብልኝ አፍሬ መሆኑን ያውቃሉ። ያንን ወረቀትም መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ «ሟቹ» ከሚለው ላይ ስደርስ እንባዬ ስለሚቀድመኝ ከዚያ በታች ወርጄ አላውቅም። ያን ቀን ከሥራ ገብቼ ሣጥኑን ከፈትኩ። ከታች፣ ከማኅተሙ በላይ፣ የሟቹ ሚስትና ልጆች በሠራዊቱ ሐኪም ቤት ያለ ክፍያ ይታከማሉ ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ የልጄን መድኃኒት ቆልፌበት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ስዞር ኖሬያለሁ።

ጉዱ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ምስጥ ገብቶበታል። የበላውም ካሣ ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ የእርስዎን ስም። ምስጥ የአማትን ስም ያለመጥራት ወጋችንን፣ ለጉን፣ አያውቅም አይበሉኝ፣ የኛው ሣጥን ምስጥ ከእኔ የባሰ ለጉ ጠባቂ ነበር።

በማግሥቱ ሰማታር አስፈቅዶልኝ ልጅቷን በጋሪ ይዘን በከዚራ ሰፈር በኩል ወዳለው የሠራዊቱ ሐኪም ቤት ሄድን። መዝጋቢው ገብረወልድ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥራቸው ነው። ወረቀቱን ገልብጠው አዩትና ካሣ የሚባል ዘማች በመዝገባቸው አራት እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያም የባልሽ አባት ማን ይባላል አሉኝ።

እርስዎ ቤት ገና ሙሽራ ሆኜ የገባሁ ዕለት እማማ ጆሮዬ ሥር ሆነው የነገሩኝን አልረሳሁም፤ ምራት የአማቷን ስም ከጠራች ቤት ይናጋል፣ ስሙን የሚመስለውን ነገር እንኳ በሌላ ስም ትጠራዋለች። እኔ እስከ ዛሬ ያንን የሰላሌ ወፍራም የጥጥ ልብስ ገበያ ላይ የምገዛው በጣቴ እየጠቆምኩ ነው፤ ነጋዴው ዲዳ እመስለዋለሁ። ለእርስዎ የምልከውን ፖስታ እንኳ የሚጽፍልኝ የዚነት ባል ዋሪስ ነው፤ እሱም የባቡር ሠራተኛ ነውና ያን ሰሞን በጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር። ታዲያ ለአቶ ገብረወልድ ምን ልበላቸው? ትርጉሙን ልንገርዎት አልኳቸው፤ የሚያስተዳድር፣ ሰውን በሰላም የሚያሳድር ማለት ነው አልኩ። እሳቸው ኦሮምኛ አይሰሙም፤ አስተዳዳሪው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም አሉኝ። ሰማታር ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ግን እሱም ደነገጠ፣ ምክንያቱም መዝገቡን ሊከድኑት ጀመሩ።

ሰማታር ስለ ለጉ ሊያስረዳቸው ሞከረ፣ እግሩንም እያሳየ ማለላቸው። አቶ ገብረወልድ የባሏን አባት የማታውቅ ሚስት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም፣ የሰው ወረቀት ይዞ የሚመጣ ግን ብዙ ነው አሉ። ብዕር ሰጡኝ። ብዕሩን ያዝኩት፣ ግን የእጅ ለጉ ከአፍ ለጉ ይቀላል ሲባል ሰምቼ አላውቅምና መልሼ አስቀመጥኩት። ያን ጊዜ መነጽራቸውን አወለቁና ቀስ ብለው፣

«ልጄ፣ የሞተው ባልሽ ከሆነ ከራስሽ አፍ ልስማው» አሉኝ።

አለምብርሃን ጭኔ ላይ ተደግፋ ነበር። ትንፋሿ እየተቆራረጠ እጄ ላይ ይሰማኛል። አባቴ፣ በአንድ በኩል እርስዎን አሰብኩ፣ በሌላ በኩል እሷን አየሁ። ነጠላዬን እስከ አገጬ ስቤ ፊቴን ሸፈንኩና ስምዎን ጠራሁት። ጮክ ብዬ አይደለም፤ ግን ጠራሁት።

ሰማይ ይወድቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሆነው ግን አቶ ገብረወልድ መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው ሲወርዱ፣ ሲወርዱ፣ አንድ ቦታ ላይ መቆማቸው ነው። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሡ። ያ ሁሉ ወረፋ እያየ፣ ቆመው፣ የልጅዎን ስም ከእርስዎ ስም ጋር አድርገው አነበቡት። ሰማታርም በእንጨት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ለአለምብርሃን ሰላምታ ሰጣት። ለዚህች ሚጢጢ ልጅ!

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ብነግርዎት ድሬዳዋ አሳበደቻት እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ልጅቷን ከአንድ ቀዝቃዛ ሰሌዳ ጋር አስደግፈው አትተንፍሺ አሏት፤ ራጅ ይሉታል። ቆይቶ አማርኛው ገና ድክ ድክ የሚል ፈረንጅ ሐኪም አንድ ጥቁር ወረቀት የመሰለ ነገር በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ጠራኝ። አባቴ፣ የልጄን ውስጧን አየሁት። የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ተደርድሮ፣ ልቧ መሐል ላይ የራሷን ጡጫ አክሎ። ዘጠኝ ወር በሆዴ ይዤያት ያላየሁትን፣ አምላክ ብቻ የሚያየውን፣ እኔ የጥጥ ፈታይዋ ቆሜ አየሁት። አማተብኩ። በቀኝ በኩል ከታች የነጣ ነገር ነበር፤ ያ ውሃ ነው፣ ሳንባዋን የሚጫናት እሱ ነው አለኝ። በማግሥቱ በመርፌ ከጎኗ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ቀዱላት። ያን ቀን ማታ ልጅቷ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ እኔም ከደስታዬ ብዛት አብሬያት አለቀስኩ።

ሁለት ወር ተኛች። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ወተት፣ ነጭ አንሶላ። በሩ በተከፈተ ቁጥር አሁን ገንዘብ ይጠይቁኛል እያልኩ ስጠብቅ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ወጣን።

ከሁሉ ያስገረመኝን ልንገርዎት። እዚያ ክፍል ውስጥ ስድስት ልጆች ነበሩ፤ የአንዱ አባት ዓይኑን ያጣ ነው፣ የሌሎቹ እንደ ካሣ አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ሑዳ የምትባል ሐረሪ ነርስ መድኃኒት ይዛ ስትገባ ልጆቹን በራሳቸው ስም አትጠራም። የምትጠራው አባቶቹን ነው። «አሥር አለቃ ካሣ» ብላ የእርስዎን ስም ታስከትልና አለምብርሃን ከአልጋዋ ላይ ሆና «አለሁ!» ትላለች። ልጄ ሆዴ ሳይገፋ የሄደ አባቷን አታውቀውም፤ እሱም አላያትም። በየጠዋቱ ግን እሱ ይጠራል፣ እሷ አለሁ ትላለች፣ መድኃኒቱም ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን ስምዎ ሲጠራ ጆሮዬን እይዝ ነበር። በኋላ በኋላ ሳይነጋ ነቅቼ የምጠብቀው እሱን ሆነ። ሞቶ ልጁን የሚያሳክም አባት አለ ቢሉኝ ተረት ነው እል ነበር።

እንግዲህ ጥፋቴ ይኸው ነው። ለጉ ያፈረሰ ካሳ ይከፍላል፣ ይህን አውቃለሁ። እኔ ግን የነበረኝ ካሣ አንድ ነው፣ እሱንም ኮሪያ ወስዳብኛለች። ስለዚህ ባዶ እጄን እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅር ይበሉኝ እላለሁ። እርስዎ ቢቆጡ ተገቢ ነው፣ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል። አያትዎ ይህን ስም ሲያወጡልዎ ሰውን በሰላም የሚያሳድር ይሁን ብለው ነበር አሉ፤ እማማ ነግረውኛል። አባቴ፣ ስምዎ እንደተባለው ሆኗል። ልጄን አሳደረልኝ።

እማማን እግራቸውን ስሜያለሁ፤ ዓይናቸውን ለሐኪም ያሳዩ። የሟች እናትም ይጠቀሙ እንደሆን አቶ ገብረወልድን ጠይቄ ሊያጣሩልኝ ቃል ገብተውልኛል። ይህን ደብዳቤ ለሚያነብልዎት ለወንድሜ ለገብረ መድኅን ሰላም ይበሉልኝ፤ እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አያድርግ፣ እማማም ይስሙ። ወይንሸትን ከነሕፃኗ፣ ጎረቤቶችንም ሁሉ ሰላም ብያለሁ። ዚነትና ዋሪስ እንዲሁም ሰማታር ሳያውቁዎት ሰላም ብለውዎታል።

ከዚህ በታች ቦታ የተውኩት ለአለምብርሃን ነው። ሑዳ አልጋ ላይ ሳለች ፊደል አስቆጥራታለች። ፖስታውንም ዘንድሮ ዋሪስ አይደለም የጻፈው። ለእሷ ለጉ የለባትም። የመጀመሪያ ጽሕፈቷ ነውና መስመሩ ቢጣመም አይፍረዱባት። እሷ ስትጽፍ እኔ ፊቴን አዙሬ እቀመጣለሁ።

ምራትዎ አሰገደች
ድሬዳዋ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

አያቴ ቡልቻ አለሁ።
አለምብርሃን ካሣ ቡልቻ