ጤነኛ ዕቃ አይቀየርም ላሉን የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ

ለተከበሩ የግዥና ንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ናቸው? ወገብዎን እንደሚያምዎት ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ አዝኛለሁ፤ የሚቀመጡበት ወንበር የማይስማማዎ ከሆነ፣ ባይሰበርም እንኳ እንዲቀየርልዎ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነኝ። የማኅበራችን አዳራሽ ቁልፍ በእጄ ስለሆነ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ የተቀመጠውን የድረ ገጻችንን ሰርቨር አቧራ የምጠርገውም እኔው ነኝ። ትምህርቴ ሩቅ አልሄደምና፣ በደብዳቤዬ ከአክብሮት የጎደለ ቃል ቢያገኙ የእጄ ስህተት እንጂ ከልቤ የመጣ እንዳይመስልዎ። ልቤ ውስጥ ያለውማ ከዚህ ይብሳል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ድረ ገጻችን ላይ የጠፋ ቁልፍ ይፈለግበታል፣ የሚከራይ ክፍል ይነገርበታል፣ የተወለደ ይመረቅበታል፣ የሞተ ሰው መርዶ ይሰማበታል። ይህ ሁሉ በአንድ ያረጀ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ መኖሩ አሳስቧችሁ፣ ያለውን ሁሉ በየቀኑ እየገለበጡ የሚያስቀምጡ ሁለት መጠባበቂያ ዲስኮች ሰጣችሁን። የላካችሁት ሠራተኛ ዲስኮቹን ወደ ማስገቢያቸው ገፋ፣ አረንጓዴ መብራት በራ፣ እሱም ወጣ። መብራቱ ኤሌክትሪክ ገብቷል ማለት እንጂ ማሽኑ ዲስኮቹን ተቀብሏቸዋል ማለት እንዳልሆነ ያወቅነው፣ ለሥራ ርቆ የነበረው የኮምፒውተር ባለሙያችን ሲመለስ ነው። ዲስኮቹ ለሌላ ዓይነት ሰርቨር የተሠሩ ናቸውና ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንዲት ፊደል እንኳ አልገለበጡም አለን። በዚያው ሳምንት ዋናው ዲስክ፣ የስፌት መርፌ የልብስ ቁልፍ ላይ ሲያርፍ እንደሚሰማው፣ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። ባለሙያው ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና አጠፋው። ከእንግዲህ ቢነሣ አንድ ጊዜ ነው፤ ያቺን አንዷን ጊዜ የሚስማማ ዲስክ ይዘን፣ ያለውን ለመገልበጥ እንጂ ለሌላ እንዳናውላት አስጠነቀቀን።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ዲስኮቹ ይቀየሩልን ብለን ስንመጣ በራስዎ ማሽን ላይ አስሞክረው ጤነኝነታቸውን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። የሚቀየረው የተበላሸ ነው፣ ጤነኛ ዕቃ አይቀየርም ብለውናል። ጤነኛ መሆናቸውን ማን ካደ? ሙሽራው ጤነኛ ነው፤ የገባው ከሰው ቤት ነው እንጂ። ከቢሮዎ ስንመለስ ባለሙያችን አንዱን በመዶሻ ቢመታው ምን እንደሚመስለኝ ጠይቆኝ ነበር። የሰው ንብረት ነው ብዬ ከለከልኩት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛ፣ ዲስኮቹ ካልተስማሙ ሰርቨሩን ለዲስኮቹ እንድንቀይር ስለመከሩን። ለቆብ ሲባል ጭንቅላት እንደሚቀየር እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀሚስ ጠበበኝ የምትለኝን ደንበኛ ሁሉ ወገብሽን ቀይሪ ልላት ይቃጣኛል።

ሦስተኛ፣ ችግሩ ነዋሪውን የሚነካ መሆኑ እንዲታወቅ የነዋሪውን አስተያየት በድረ ገጻችን ሰብስበን እንድናመጣ ስላዘዙን። ድረ ገጹ እኮ ጠፍቷል ብንልዎ፣ እንግዲያው መጣሁ፣ ራሴ አያለሁ፣ ጠብቁኝ አሉን። እየጠበቅን ነው።

አራተኛውን ጠቅልዬ ለእርስዎ ልሰጥ ፈልጌ ነበር፤ ግን ግማሹ የእኔ ስለሆነ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

የሹፌሩ ሚስት የምንላት ጎረቤት አለችኝ። ሹፌሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ከሄደበት ሁሉ የመንገድ ወሬ እያለ በድምፁ እየቀዳ ወደ ድረ ገጻችን ይልካል። የትኛው ድልድይ እንደተዘጋ፣ የት ጭቃ እንዳለ፣ የትኛው ሻይ ቤት ሻይ ብሎ ሙቅ ውኃ እንደሚሸጥ ይነግረናል። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ለሚስቱ አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፤ አንቺ፣ በሩን እንዳትቆልፊው፣ መጣሁ ይላታል። ሰፈሩ በሙሉ ይስቅባት ነበር፤ እሷም አፍራ ትስቃለች። ካረፈ ወዲህ በስልኳ ያስቀመጠችውን ያንኑ ድምፅ እየሰማች ነበር የምትውለው።

ስልኳ ሞልቶ አልሠራ አላትና ወደ እኔ መጣች። እኔ ያን ጠዋት አረንጓዴውን መብራት በጨርቅ ወልውዬ መምጣቴ ነው። «አጥፊው የኔ እናት፣ እኛ ጋ ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ ከስልክሽ ይልቅ እኔን እመኚኝ» አልኳት። አመነችኝ። ማጥፋቱን ስለማታውቅበት በገዛ ጣቴ አጠፋሁላት።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ዚፕ ስቀይር የኖርኩ ሴት ነኝ። የዚፑ መጎተቻና ጥርሱ ለዓይን አንድ ቢመስሉም፣ ልካቸው ካልገጠመ እንደማይዘጋ አውቃለሁ። ያንን ሠራተኛ ግን፣ ይሄ ነገር ለእኛው ማሽን ልክ ነው ወይ ብዬ አልጠየቅሁትም። ካርቶኑ ያምር ነበር፤ ሠራተኛውም ቸኩሏል፤ እኔም ባለቢሮ ፊት አላዋቂ መምሰል አልፈለግሁም።

ባለፈው ቅዳሜ የሹፌሩ ሚስት መጣችና አንዴ ብቻ አሰሚኝ አለችኝ። ስፌቴን ትቼ ተነሣሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ ዲስኩ ምናልባት አንድ መነሣት ብቻ እንደቀረው፣ ያቺን ለመስማት ብናውላት ድምፁ ለዘለዓለም ሊቀር እንደሚችል። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብታደርገው ደስ ባለኝ።

«እንግዲያው አትቀስቅሱት፣ ይተኛ» አለችኝ። «እሱን መጠበቅ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ከዚያ ስነሣ መሬት የወደቀውን መቀሴን አንሥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጇ ሳልፍ እንደ ሌባ ነው የምራመደው።

ስለዚህ ጥፋቱን እንካፈል። አጥፊው ያልኳት እኔ ነኝ፤ ያንን ማንም እንዲሸከምልኝ አልለምንም። የእርስዎ ድርሻ ከእኔ በጣም ይቀላል፤ ይቅርታ ይጠይቁን እንኳ አላልንዎትም፣ የጠየቅነው ሰርቨራችን የሚቀበለውን ዲስክ ነው። ባለሙያችን ዓይነቱን ለጸሐፊዎ አስረድቷል፤ ያው ዲስክ በመጋዘንዎ መደርደሪያ ላይ፣ ከነላስቲኩ፣ ፈላጊ አጥቶ መቀመጡንም በዓይኑ አይቶ መጥቷል። እሱም ጤነኛ ነው አሉ።

ለዕቃ ጤንነት ያለዎት ርኅራኄ ተርፎ ለሰውም እንዲደርስ፣ ወገብዎም ተሽሎዎት እስከ መጋዘኑ ለመራመድ እንዲበቁ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
አረንጓዴ መብራት ያየች ልብስ ሰፊ

ሳልረሳው፦ ከሰኞ ጀምሮ የሹፌሩ ሚስት በቢሮዎ ኮሪደር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ትቀመጣለች፤ እኔም የምዘመዝመውን ልብስ ይዤ ከጎኗ አለሁ። አትጮህም፣ መንገድም አትዘጋም፤ ስለዚህ አይጨነቁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቅ የኖረችው፣ መጣሁ ሲል የሚመጣ ሰው ነው። የእርስዎን ዓይነት ጠብቃ አታውቅም።