የማንም ያልሆነው ቦይ

ሰኔ 24
ዝናብ። እማ ገበያ። እኔ እህቴን ነዒማን እየጠበቅኩ ቤት ነኝ። ሆዷ ከሷ ቀድሞ ነው በር የሚገባው። ባሏ መርካቶ ሆኖ ይደውላል። "ሀያቱ፣ አደራ!" ምኑን እንደሆነ አይናገርም እንጂ ገብቶኛል። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕሬሽን ነው የወለደችው። ነርሷ "ምጥ ሲጀምር ወዲያው ሆስፒታል። ቤት ከቆየች አትተርፍም" ብላናለች። ባጃጅ የሚነዳውን ናትናኤልን አስጠንቅቄዋለሁ። ስደውል ቀጥ ብሎ በራችን ድረስ።

ሰኔ 28
መንገድ ሠሪዎቹ አስፋልቱ ዳር የጎርፍ ቦይ ቆፈሩ። የሰፈራችንን መግቢያ ለሁለት ቆርጠውት አለፉ! ባጃጅ አይገባም። ሰው በአንዲት ሙልጭልጭ ግንድ ላይ ነው የሚሻገረው። ነዒማስ? በዛ ሆድ?
ፎርማኑን አስረስን ጠየቅኩት።
"ጋሼ፣ መሻገሪያውን መቼ ነው የምትሠሩት?"
"የኛ ዋናው መንገድ ነው እህቴ። ፌደራል ነው። የሰፈር መግቢያ የከተማው ነው።"
"ስትቆፍሩትስ የማን ነበር?"
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐምሌ 1
ማዘጋጃ ሄድኩ። ቅድስት የምትባል ሠራተኛ ነች ያናገረችኝ። "ፌደራል የቆፈረውን እኛ አንነካም። ክልልን ጠይቁ።" ክልል የት ነው? ቢሮው በየከተማው ተበትኗል። የኛ ጉዳይ ቡታጅራ ነው አለች።
"ተማሪ ነሽ?"
"ነበርኩ። አስረኛ ላይ ትቼዋለሁ።"
"ለዚህ ነዋ አሠራር ያልገባሽ።"
አሠራር! ጠረጴዛዋን ልገለብጠው ምንም አልቀረኝም... ሲቪክስ ላይ የሥልጣን ክፍፍልን እንደ ውሃ ሸምድጃለሁ እኮ። ሥልጣኑንማ ተካፈሉት። ሥራውን ማን ተካፈለው?

ሐምሌ 3
ቡታጅራ ደርሼ መጣሁ። የክልሉ ቢሮ ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። በጨዋ ደንብ መለሰኝ።
"ፌደራል መንገድ ላይ ክልል አያዝም። ከተማው ደግሞ ራሱን ያስተዳድራል።"
"እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?"
"እናስተባብራለን።"
"አስተባብሩልኛ!"
"ከክረምት በኋላ እናየዋለን።"
ነዒማ ሆድ ውስጥ ላለው ማን ይንገርልን? ቆይ፣ ክረምቱ ይውጣ በሉት...

ሐምሌ 5
ዛሬ ጉድ ሠራሁ።
ነዒማ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ግንዱ ላይ ወጣች። አዳለጣት። ናትናኤል ባይዛት ቦዩ ውስጥ ነበረች። ደሜ ፈላ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ "እሳት! እሳት! ኡኡ!" አልኩ።
በኛ አገር ኡኡታ የሰማ ቤት አይቀመጥም። ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። በማግስቱ ደግሞ ከየቤቱ እንጨት ይመጣል፣ የተቃጠለበት ሰው ቤት ይሠራል። ማንም ማንንም አይለምንም። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጭስ የለም።
የሰፈሩ ሽማግሌ አባባ ሸምሶ ከነባልዲያቸው፣ ግማሹ ውሃ እግራቸው ላይ ፈሶ፣ "እሳቱ የታለ?" አሉ።
"ቦዩ ውስጥ ነው አባባ።"
ማንም አልሳቀም። እማ ፊቷን በሻርፕ ሸፈነች። በውሸት ኡኡ ያለ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ነገ እኔ ነኝ።

ሐምሌ 6
ሽማግሌዎቹ መስጊዱ ጎን ሳሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ።
"አጥፍተሻል?"
"አጥፍቻለሁ። ግን አልጸጸትም።"
እማ ከኋላ ቆነጠጠችኝ።
አባባ ሸምሶ ቀስ ብለው፣ "ነገ የእውነት እሳት ቢነሳና ሰው 'ኧረ ያቺ ሀያቱ ናት' ብሎ ቤቱ ቢቀርስ?" አሉኝ።
እውነታቸውን ነው። እኔ ግን፣ "ቤት ሲቃጠል እንጨት የምታመጡት ፌደራልን አስፈቅዳችሁ ነው?" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ።
ፍርዱ መጣ። በየቤቱ ዞሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከየቤቱም ለመሻገሪያው አንድ አንድ ግንድ ተቀብዬ በራሴ ትከሻ ቦዩ ጋ አደርሳለሁ። ቢሮ ለቢሮ ያንከራተተኝ ነገር ሳር ላይ ምሳ ሳይደርስ አለቀ።

ሐምሌ 8
ትከሻዬ ተላጠ። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ ሙድ ያዘብኝ። እትዬ አሚኔ፣ "ያንቺ እሳት ወገቤን ሰበረው!" ብለው ከሁሉም ወፍራሙን ግንድ ሰጡኝ። ሆን ብለው ነው ወላሂ።
ወንዶቹ ግንዱን ደረደሩ፣ ቸነከሩ፣ ድንጋይና አፈር ደለደሉበት። ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ቦዩን አልደፈንነውም። ናትናኤል ጥሩንባውን እየነፋ ተሻገረ።

ሐምሌ 11
ጠዋት ምጥ። ባጃጁ በራችን ድረስ መጣ። ድልድዩ ላይ ግንዱ ሲንቋቋ ነዒማ እጄን ጨመቀችው...
ሴት ናት! ሁለቱም ደህና፣ አልሃምዱሊላህ። ዶክተሩ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ አልጨረሰውም።

ሐምሌ 14
ዛሬ ሁሉም አንድ ላይ መጡ። አስረስ፣ ቅድስት፣ የቡታጅራው ሰውዬ በነጭ መኪና። ስለምናቸው አንዱም አልመጣም ነበር።
"ማን ፈቅዶላችሁ ነው? ሕገወጥ ነው፣ ይፈርሳል!" አለ አስረስ።
ወንዶቹ ገነፈሉ። እኔ ግን አልጮህኩም። ቀስ ብዬ ጠየቅኩ።
"እሺ። የማፍረሱ ሥልጣን የማን ነው?"
አስረስ ወደ ቅድስት ዞረ። "የከተማው ነው።"
"የፌደራል ቦይ ላይ ያለን እኛ አንነካም!"
ሁለቱም የቡታጅራውን አዩት። "እኛ... እናስተባብራለን።"
አባባ ሸምሶ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ።
እነሱ ሲጨቃጨቁ ናትናኤል ነዒማንና ልጇን ከሆስፒታል ይዞ ደረሰ። ነጩ መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ቆሟል። መስኮቱን አንኳኳሁ።
"ጋሼ፣ አራስ ናት። ወደ ኋላ በል።"
ወደ ኋላ አለ። እህቴ ቤቷ ገባች።