ፊርማዬ ለማን እንደሚጸና ስለ መጠየቅ

…የልጅቷን እጅ መንቀጥቀጥ ያየሁት መርፌውን ከማየቴ በፊት ነው። ሽማግሌው ክንዳቸውን ዘርግተው ጣሪያውን ያያሉ። ሁለት ጊዜ ተወግተዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ የደም ሥራቸው ሸሽቷል። እጄን በእጇ ላይ አሳረፍኩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳይነቅሉ በኦሮምኛ አንድ ቃል ተናገሩ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ምን አሉ?» አለችኝ፤ እኔም

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤ በሰላምታ ነበር የሚጀመረው።

ለክቡር ዶክተር ጌድዮን፣ በየካ ኮረብታ ሥር ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ኃላፊ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ በቢሮዎ ኮሪደር ስመላለስ አንድም ቀን ወጥተው ስላላየሁዎት፣ ሙያዬም ስለማያስችለኝ፣ የደም ግፊትዎ ያሳስበኛል። ብዙ መቀመጥ ለእግር ጥሩ አይደለም። ፈጣሪ ጤናውን ከነቤተሰብዎ ያብዛልዎ።

እኔ ከወሰን ሰፈር ከፍ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ የዲፕሎማ ነርስ ነኝ። ትልቁ ክብርዎ ትንሹን ጉዳዬን ይታገሥልኝ ዘንድ ቅሬታዎቼን፣ ይልቁንም ምስጋናዎቼን፣ በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ብሮሹርዎ አመሰግናለሁ። ከመገናኛ ወደ ወሰን በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነርስ ለመሆን ለሚያስብም፣ ሆኖ ለኖረም በር አለው ይላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ለጨረሰ አንድ፣ በሌላ ሙያ ዲግሪ ላለው አንድ፣ ማስተርስ ለሚሻ አንድ፣ ዲፕሎማ ይዞ በሥራ ላይ ላለም አንድ፤ ያውም ቅዳሜና እሁድ የሚማሩት። የእኔ በር ይህ የመጨረሻው ነው። በሽፋኑ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት ፈገግ ብላለች። የልብ ማዳመጫውን ጆሮ ገልብጣ ስላደረገችው ነርስ አለመሆኗን አውቄያለሁ፤ ቢሆንም ፈገግታዋ አበርትቶኛል። ከታች በደቃቅ ፊደል የዲፕሎማዎቹ ቅበላ ዘንድሮ የመጨረሻው እንደሆነ፣ ምዝገባውም ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት እንደሚዘጋ ተጽፏል። ደቃቅ ፊደል ለማንበብ ዓይኔ ገና ደህና መሆኑን ስላረጋገጡልኝም አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ለምን እንደምቸኩል መናገር አለብኝ። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ አቶ ሲሞን ባለፈው ሰኔ ጠርተውኝ፣ ጠረጴዛቸውን እያዩ፣ «ሲስተር፣ መዋቅሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አሉኝ። በአዲሱ መዋቅር ዲግሪ የሌለው፣ ወይም ለዲግሪ መመዝገቡን የሚያሳይ ወረቀት የሌለው፣ ድንገተኛ ክፍል አይሠራም። እኔ ወደ ካርድ ክፍል እዛወራለሁ። ካርድ ክፍል ክፉ ቦታ አይደለም። ፀሐይ ይገባበታል። የሰው እጅ ግን አይያዝበትም።

ሁለተኛ፤ በመስኮት ቁጥር ሦስት ስለሚቀመጡት ስለ ወይዘሮ ሰርክ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን የሥራ ማስረጃ ሳቀርብላቸው በአንድ ጣታቸው ወደ እኔ መልሰው ገፉት። «ሲስተር፣ ይሄ ልምድ ነው። ልምድ ደግሞ በሎግቡክ ካልሆነ ሲስተሙ አይቀበለውም» አሉኝ። ሎግቡክ ተማሪ ነርሶች ወደ እኛ ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት የልምምድ ደብተር ነው። ጉሉኮስ ሰቀለ፣ ቁስል አጠበ፣ ምጥ ተከታተለ፤ በየመስመሩ ያየው ነርስ ይፈርማል። ደብተሩን አውቀዋለሁ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የእርስዎን ተማሪዎች ደብተር ስፈርም የኖርኩት እኔ ነኝ። ፈርሚ ብሎ በደብዳቤ የጠየቀኝም ዩኒቨርሲቲዎ ነው፤ ደብዳቤው ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አሁን ደግሞ በአርባ ሦስት ዓመቴ ባዶ ሎግቡክ ተሰጠኝና የዲግሪ ነርስ እንዳስፈርም ተባልኩ። ተቀበልኩ። ሽፋኑ ላይ «የተማሪው ስም» የሚለው ቦታ ላይ ስሜን ስጽፍ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ በጤና ጣቢያችን ያለችው የዲግሪ ነርስ ዮዳሄ ናት። እዚሁ ተማሪ ሆና መጥታ እኔ ዘንድ ተለማምዳ፣ ተመርቃ፣ ተመልሳ የተቀጠረች። ደብተሩን ሳቀርብላት መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋን ተወች። «እትዬ ጂቱ፣ እኔ ነኝ አንቺን ቻለች ብዬ የምፈርመው? ኧረ በጌታ፣ ያሳፍራል!» አለች። «ፈርሚ፣ አንቺንም እኔ ፈርሜልሻለሁ» አልኳት። «ያኔማ ግማሹን ሳልችለው ነው የፈረምሽልኝ» አለችና ቁጭ ብላ አርባ ሁለቱንም መስመር ፈረመች። ውሸት ነው፤ ሳትችል የፈረምኩላት አንድም የለም። ካኑላ፣ የጉሉኮሱን መርፌ፣ ደም ሥር ውስጥ ማስገባት እስክትችል ሦስት ሳምንት አቆይቻታለሁ፤ እስካሁን አልረሳችልኝም።

አራተኛ፤ (ይህን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።)

ደብተሬ በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ወይዘሮ ሰርክ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። ቢሮዎ የዮዳሄን ፊርማ ለማረጋገጥ የዮዳሄን ፋይል አውጥቷል። በፋይሉ የዮዳሄ ሎግቡክ አለ። በሎግቡኩ ያለው ፊርማ የዲፕሎማ ነርስ ፊርማ ነው። የዲፕሎማ ነርስ ፊርማ በደንቡ አይጸናም። ስለዚህ የዮዳሄ ልምምድ አጠያያቂ ነው፣ ስለዚህ ዲግሪዋ አጠያያቂ ነው፣ ስለዚህ ለእኔ ልትፈርም አትችልም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሀገራችን ብርቅ ስለሆነ ማድነቄን አልደብቅም።

ቀጥለው አንድ ወረቀት በመስኮቱ አሾለኩልኝ። «ማመልከቻዬን በፈቃዴ አንሥቻለሁ» ይላል። «ሲስተር፣ እንደ እህት ነው የምነግርሽ። ይቺን ከፈረምሽ የዮዳሄ ፋይል ተመልሶ ይገባል። ከገፋሽበት ግን የፈረምሽላቸው ሁሉ መታየታቸው ነው» አሉኝ።

የፈረምኩላቸው ሁሉ። ክቡርነትዎ፣ እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ የደም ሥር ሲያገኝ ስሙንና ቀኑን በአንድ ደብተር የመጻፍ ልማድ አለኝ። ማንም አላዘዘኝም። መቶ አርባ ሦስት ስም አለ። አንዱ አሁን ማደንዘዣ ይሰጣል። አንዷ ያዋለደቻቸው ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል። በቢሮዎ ሎጂክ አንዳቸውም ደም ሥር አግኝተው አያውቁም።

ወረቀቱ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እስክሪብቶ ስይዝ እጄን አየዋለሁ። ለዮዳሄ ነገርኳት። የምትሰፋው ቁስል ላይ ነበረች፤ ቀና አላለችም። «እንደ ልብሽ አድርጊ፣ እትዬ» ብላ ክሩን ቆረጠች። እንደ ልቤ። እኔ ከፈረምኩ እሷ ትድናለች፣ እኔ ሰኞ ካርድ ክፍል እገባለሁ። ካልፈረምኩ

አልፈረምኩም። እየጻፍኩ ያለሁትም ስላልፈረምኩ ነው።

አምስተኛ የለም። ቁጥሩን ያስቀመጥኩት ከእርስዎ በኩል የሚጨመር ቢኖር ብዬ ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፊርማዬ የሚጸና ከሆነ ዓርብ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት መዝግቡኝ። የማይጸና ከሆነም ከዮዳሄ አትጀምሩ፤ ከስም ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ጀምራችሁ መቶ አርባ ሦስቱንም ጥሩና በየሆስፒታሉ ከያዙት በሽተኛ ላይ እጃቸውን እንዲያነሡ ንገሯቸው። ለእኔ ሲሆን ይቀራል፣ ለእናንተ ሲሆን ይጸናል የሚል ሦስተኛ ዓይነት ፊርማ ግን በትምህርት ቤት አላስተማሩኝም፤ ምናልባት የዲግሪ ትምህርት ይሆናል።

ባዶውን ሎግቡክ በክብር የተቀበልኩ፣ በሦስተኛው መስኮት ፊት መቆምን የለመድኩ፣ ስለ እግርዎ ከልቤ የምጨነቅ፣ ገና ተማሪ ያልሆንኩ ተማሪዎ፣

ጂቱ ፈዬራ
የካ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህ ከዶክተሩ ቅጂ ላይ የለም፤ ለአንባቢ ከሚወጣው ላይ ብቻ ያለ ነው። ትናንት አንዲት ነርስ ሎግቡኳን በፌስታል ይዛ ወደ ጤና ጣቢያችን መጣች። ከዮዳሄ ሰምታ ነው። ስሟ ጸጋ ይባላል፤ በደብተሬ ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ አለች፤ በሦስተኛው ሙከራ፣ በአንድ ሽማግሌ ቀኝ ክንድ። የአባቷን ስም ያኔ ጽፌው ነበር፤ ጌድዮን የሚባል ሰው ብዙ ስለሆነ አላሰብኩበትም። «ሲስተር፣ ደብዳቤውን ስጪኝ፤ እኔ አደርሰዋለሁ። በመስኮት የገባ ደብዳቤ አባቴ ዘንድ አይደርስም» አለችኝ። አትድከሚ አልኳት። አልሰማችኝም።

አሁን ዓርብ ነው፣ ከዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ በዶክተሩ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። ጸጋ ደብዳቤውንና የራሷን ሎግቡክ ደራርባ ይዛ ቢሯቸው በር ላይ ደርሳለች። አንድ እጇን በእጀታው ላይ አሳርፋለች። ወደ እኔ ዞረችና ያን ቀን ሽማግሌው ያሏትን፣ እኔም «ቀስ በይ፣ ልጄ ነው የሚሉሽ» ብዬ የተረጎምኩላትን ቃል፣ ከነአነጋገራቸው አለችኝ።

«ሱታ።»

ገባች። በሩ ተዘጋ።