የአፍንጫዬና የዓሣው ነገር

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ዘይቡ
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበቱልኝ እትዬ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ለሶላት ሲነሱ ግድግዳ ይደገፋሉ ብላ የልጅ ልጅዎ ሩፈይዳ ከነገረችን ወዲህ ኢሕሳን ሐሳብ ገብቷት ሰንብታለች። የድሬዳዋ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፣ አወቱ ወንዝም ዘንድሮ የማንንም አጥር ሳይወስድ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን የለም ልል ነበር፤ ግን የተቀመጥኩት የጎደለብኝን ልነግርዎ ስለሆነ መዋሸት አልችልም።

በስልክ ላወራዎ አስቤ ነበር። ባለፈው ግን እኔ ስጮህ፣ እርስዎ «እህ?» ሲሉ፣ መንደሩ በሙሉ ወሬያችንን ሰምቶ ሲያበቃ ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ይህ ደግሞ የሚጮህበት ነገር አይደለም። መነጽርዎን ያድርጉና ለብቻዎ ያንብቡት። ለሩፈይዳ አይስጧት።

እንደሚያውቁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ቡና በማንኪያ ስስብ፣ አፌ ውስጥ ሳንከባልል፣ ባልዲ ላይ ስተፋ ኖሬ፣ ቡሉኮ አልብሰው ሸኙኝ። በማግስቱ እንደ ልማዴ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ጫማዬን አስሬ በር ላይ ቆምኩ። ኢሕሳን «ወዴት ነው?» ብትለኝ ጫማዬን መልሼ ፈታሁ። በሁለተኛው ሳምንት የቅመም ብልቃጦቿን በየዓይነቱ ደርድሬ ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጠፍኩባቸው። በሦስተኛው ሳምንት «ቲጃኒ፣ ወይ ሥራ ፈልግ፣ ወይ ቤቱን ልልቀቅልህ» አለችኝ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ባለፈው የካቲት የያዘኝ ጉንፋን ሲለቀኝ አፍንጫዬን ይዞት ሄደ። ቡና አይሸተኝም፣ ሽንኩርት አይሸተኝም፣ የኢሕሳን ሽቶ እንኳ አይሸተኝም። ምላሴ ጨውን ከስኳር ይለያል፤ ከዚያ አያልፍም። ቅመሞቹ ላይ ወረቀት የለጠፍኩትም ከሙኑን ከድንብላሉ በጠረን መለየት ስላቃተኝ ነው። ይመለስልኛል እያልኩ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። ቅምሻ ክፍላችን ውስጥ አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ። እኔና ረዳቴ አፊፋ ጎን ለጎን ቆመን እየቀመስን፣ ለየቡናው የምንሰጠውን ነጥብ በየወረቀታችን እንጽፋለን። ደንቡ አንዱ የሌላውን እንዳያይ ነው። እኔ ግን አራት ወር ሙሉ የልጅቷን ወረቀት በዓይኔ ጥግ እያየሁ ስገለብጥ ከረምኩ። ይኸው፣ ወጣልኝ።

ይባስ ብሎ ሥራ አስኪያጃችን ወልደሰማያት ባለፈው ሳምንት ቤት ድረስ መጣ። አዲሱ ቡና መግባት ጀምሯልና ለሁለት ዓመት በኮንትራት ተመልሼ የቅምሻ ኃላፊ እንድሆን ለመነኝ። «አፊፋ ጎበዝ ናት፣ ግን ምላሷ ገና አልበሰለም። ቦታውን ለእሷ ለመስጠት አልደፍርም። የእርስዎን ያለፈውን ዓመት ነጥብ ገዢዎቹ እስካሁን ያነሱታል፤ አንድ ቅሬታ አልመጣም» አለኝ። ያ ነጥብ እኮ የእሷ ነው፣ እትዬ! እስከ ዓርብ መልስ እንድሰጠው ነግሮኝ ሄደ። እሺ ካልኩ ልጅቷ በእኔ ውሸት ሥር ተቀብራ ትቀራለች። እምቢ ብዬ ምክንያቱን ከደበቅኩ ከሌላ ቦታ ሰው ያመጡባታል። እውነቱን ካወጣሁ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ያከበሩኝ ሰዎች «ለካ ሲያታልለን ነበር» ይሉኛል። ኢሕሳን የማንገራግረው ዓሣ ልቤን ወስዶት ይመስላታል።

በእርግጥ ወስዶታል። ነሐሴ ላይ ሶኮሩ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ደነባ አጠገብ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። እስኪቀየር ድረስ ከመንገዱ በታች ወዳለው የግድብ ውሃ ወረድኩ። አንድ ለሚ የሚባል አጥማጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል። የተኛ መስሎኝ ነበር። ለምን እንደሚጨፍን ብጠይቀው «ዓይን ካየ ጣት ይሰንፋል» አለኝ። ይህች ነገር ጅማ እስክገባ አልለቀቀችኝም። በሳምንቱ ላስተምርዎ ሳይለኝ ተማሪው ሆኜ ተመለስኩ።

የመጀመሪያ ቀን መሳቂያ ነበርኩ። ቅምሻ ላይ ሁሉ ነገር በደቂቃ ነው፤ ዓሣም ቀጠሮ ያከብር ይመስል ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅኩት። ክሩ በተነቃነቀ ቁጥር ብድግ ብዬ ስጎትት ለሚ «ሱታ! ሱታ፣ ኦቦ ቲጃኒ!» ይለኛል፤ ቀስ ይበሉ ማለቱ ነው። ትሉን አብልቼ ባዶ መንጠቆ ይዤ ገባሁ። ግን እትዬ፣ ያ ጣት ላይ የሚመጣው ነገር! አንዱ ዓሣ ክሩን ጎንተል ጎንተል ያደርገዋል፣ አንዱ እንደ መላስ ይሞክረዋል፣ ሌላው ደግሞ ምንም ሳይል ይዞት ይሄዳል። አሁን ቆሮሶውን ከአምባዛው ሳላየው እለየዋለሁ። ይህን ያህል የሚያውቅ ጣት ይዤ ስድሳ ዓመት ማንኪያ ብቻ ሳስይዘው መኖሬ ይገርመኛል።

ጥያቄዬ አላልቅ ብሎ ለሚን አሰልችቼዋለሁ። ዓሣ ይተኛል ወይ? ዝናብ ሲዘንብ ይታወቀዋል? የሚነክሰው እኛ የመረጥንለትን ትል ነው ወይስ እሱ የሚፈልገውን? አንድ ቀን ከመረቡ ያወጣት ቆሮሶ አፏን ስትከፍት የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆቿ ተንጠባጠቡ። ለካ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው! ልጆቿ እስኪጠነክሩ አትበላም፣ አትውጥም። ለሚ ቶሎ ብሎ ወደ ውሃው መለሳት። እኔ አፌ የያዘውን ባለመዋጤ ያን ሁሉ ዓመት ስኩራራ፣ በሙያዬ የምትበልጠኝ እናት ግድቡ ውስጥ ተቀምጣ ኖሯል።

መስከረም ላይ ለሚ ምሳ ጋበዘኝ። ባለቤቱ ዘሀራ የዓሣ ሾርባ ከማንኪያ ጋር አቀረበችልኝ። ማንኪያውን ስጨብጥ እጄ ሳያስፈቅደኝ የድሮ ሥራውን ጀመረ። በፉጨት ሳብኩት፣ አፌ ውስጥ አንከባለልኩት፣ ከዚያ ዘወር ብዬ ደጃፉ ላይ እንትፍ አልኩት! ዘሀራ ጭልፋዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ነገሩን ላስተካክል ብዬ ልክ እንደ ቅምሻ ክፍል «ንጹህ ነው፤ አንድም እንከን የለውም» ብል ጭራሽ ባሰ። «ወላሂ አሮብኝ ሳፍር ነው የዋልኩት፣ ቤቱ በሙሉ እየሸተተ ይቀልዱብኛል እንዴ?» አለች። ለካ ለሚም አፍንጫውን በመዳፉ የሸፈነው ለዚያ ነው። እኔ ሳቁን የያዘ መስሎኝ ነበር።

ይመለስልኛል የምትለው ተስፋዬ ያን ጊዜ ተቆረጠች። አንገቴን ደፍቼ አፍንጫዬ እንደሄደ ነገርኳቸው። ከአላህ ሌላ የሰሙት የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ዘሀራ «አብሽሩ፣ እንግዲያውስ ለዚህ ሾርባ ከእርስዎ የተሻለ እንግዳ አይገኝም» ብላ እስከ አፉ ሞላችልኝ። እሱን ዋጥኩት።

የአፊፋን ነገር ግን ለእነሱም አልተነፈስኩም። እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጆሮዎ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ ለማን ነገሩ? ስንት ጊዜስ ሳይሰሙ ራስዎን ነቀነቁ? እኛ ስንስቅ አብረውን ሲስቁ የሰሙ ይመስለን ነበር። ለካ መሐላችን ተቀምጠው ብቻዎን ነበሩ። ሳላስተውልዎ በመቅረቴ አውፍ ይበሉኝ። መልስዎ እስኪደርሰኝ ዓርብ ያልፋል፤ ቢሆንም እርስዎን መጠየቅ ብቻውን ያቀለኛል።

እዚህ ድረስ የጻፍኩት ሰኞ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ደብዳቤውን ሳልልከው ብዙ ነገር ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ጭንቀቴን ይዤ ደነባ ወረድኩ። ሰሚር የሚባለው ጎረቤታቸው ወባ ጥሎት ስለነበር ለሚ የራሱን መረብ ካወጣ በኋላ የእሱንም አወጣለት። ጀልባዋ ዳር ስትደርስ፣ ዓሣው መሬት ሳይነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ካን ሰሚር! የሰሚር ነው!» ብሎ ተጣራ። ዙሪያዬን ባይ ከእኔና ከሁለት ወፎች ሌላ ማንም የለም። ለማን እንደሚጮህ ጠየቅኩት። እነሱ ዘንድ የታመመ ሰው መረብ ያወጣ ሰው የባለቤቱን ስም ሳይጠራ ዓሣ አያወርድም አለኝ። ሰው በሌለበትስ ምን ያደርጋል ብዬ ሞገትኩት። «እኔ አለሁ እኮ። ካልጠራሁ እስኪመሽ ድረስ የራሴ ይመስለኛል» አለኝ። በዚያ ቀን ምን ያህል ዓሣ ክሬን ጎንትሎ እንደሄደ አላውቅም፤ ጣቴም ልቤም እዚያ አልነበሩም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። ወልደሰማያት አፊፋን አስጠርቶ፣ ተመልሼ የመጣሁ መስሎት ወንበር ሳበልኝ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ከየካቲት ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ከዚያ በኋላ በእኔ ስም የወጣው ነጥብ ሁሉ የአፊፋ ነው፤ የአፊፋ!» አልኩ። አላመነኝም። ሦስት ስኒ ቡና አስቀድቶ ፊቴ ደረደረ። አንዱ ሻጋታ ያለበት እንደነበር ቀምሼም አላወቅኩ። አፊፋ ግን ከበሩ ሳትርቅ «መሐለኛው» አለች። ወልደሰማያት ስኒዎቹን ወደ ጎን ገፋና «ከእርስዎ ይህን አልጠብቅም ነበር» አለኝ። አመመኝ፣ እትዬ፤ ግን የሚገባኝ ነው። ወደ እሷ ዞሮ ከሰኞ ጀምሮ የቅምሻ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ አላት።

ማታውኑ ለኢሕሳን ሁሉንም ነገርኳት። ይህን ያህል ጊዜ ነገር ደብቄያት ስለማላውቅ ለሁለት ሰዓት ያህል አኮረፈች፣ ከዚያ እጄን ያዘችኝ።

ያልነገርኩዎ አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ከቢሮው ስወጣ አፊፋ ተከትላኝ በሩ ላይ ደረሰችብኝ። አውፍ በይኝ፣ ወረቀትሽን ስሰርቅሽ ነበር ብዬ ልጨርስ ስል አቋረጠችኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ። ቁጥሬን በትልልቁ እጽፍ የነበረው ለምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስከበረኝ በር ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከትናንት ጀምሮ ስለ እርስዎ ሳስብ አድሬያለሁ። አንድ ነገር ይጻፉልኝ፣ እትዬ። ለእርስዎስ ሳይነግርዎ ድምፁን ከፍ ያደርግልዎ የነበረው ማን ነበር?

ለልጅዎ ለአብዱልሃዲ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ ለባለቤቱም እንዲሁ። ሩፈይዳን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ኢሕሳን እጅዎን ትስማለች፤ ጉልበትዎን በሞቀ ጨው ውሃ ይዘፍዝፉት ብላለች። አላህ በዕድሜና በጤና ያቆይልን።

ታናሽ ወንድምዎ
ቲጃኒ

ጅማ፣ አወቱ መንደራ
ጥቅምት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.